የፍሪሲዮን እግር

መካኒኩ ፒክ አፑ ላይ አልወጣም። የሾፌሩን በር ከፍቶ በቀኝ ጉልበቱ ተንበረከከና የፍሪሲዮኑን ፔዳል በእጁ ተጫነው። ፔዳሉ ሰምጦ እዚያው ቀረ።

«ማርሹ እምቢ ካለህ ስንት ቀን ሆነው?»

«ሁለት ሳምንት፣ ጋሼ። ካምቢዮው ሳይሆን አይቀርም።»

«ካምቢዮው ምን በደለህ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። «የፍሪሲዮኑ ዘይት ፈሶ አልቋል! አንተ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እያንቋቋህ በግድ ታስገባለህ። እምቢ ሲል ምን ነካው አይባልም? ጉልበት ብቻ!»

አቀረቀርኩና የመካኒኩን ጫማዎች አየሁ። የቀኙ ተጨማዶ አልቋል፤ የግራው ግን አንድም እጥፋት የለውም፣ ከሱቅ የወጣ ይመስላል።

ዘይቱን ያፈሰሰውን ያረጀ ጎሚኒ ቀይሮ ዘይት ከሞላ በኋላ «በል ንዳ፣ እንሞክረው» አለኝና በወዲያኛው በር ዞረ። ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ሲያስገባ በሩን ነካውና እንደ እንጨት ቋ አለ።

ማርሹ ያለ ምንም ድምፅ ገባ። ደስ ብሎኝ እንደ ልማዴ ግራ እግሬን የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አሳርፌ መንዳት ጀመርኩ።

«አንሳው፣ ፍሪሲዮኑን ትጨርሰዋለህ!» ብሎ ጮኸብኝ። «እግር ያለው ሰው ይቀልድበታል!»

ጋራዡ እስክንመለስ ድረስ አንዴም መንገዱን አላየም። ዓይኑ ግራ እግሬ ላይ ነበር።