ግማሽ ፋኖስ ላምባ

ዛሬ ጧት ፋኖሱ እንዲጠጣው የተገዛውን ላምባ እኔ ጠጣሁት።

ሳትስቅ ስማኝ። ካልቻልክም እየሳቅህ ስማኝ፤ እኔም ስቄያለሁ። ላምባው በውሃ ፕላስቲክ ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር ከመጠጥ ውሃዬ ጎን ያስቀመጥኩት ደግሞ ራሴ ነኝ። መድኃኒቴን አፌ ውስጥ ጣል አደረግሁና መነጽሬን ሳልፈልግ አንዱን አንስቼ ተጎነጨሁ። ምላሴ የነቃው ከወረደ በኋላ ነው። የቀረውን ግድግዳው ድረስ ስተፋው ክንዴ ፕላስቲኩን መታው፤ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

የልጅ ልጄ ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

«አባየ! ምን ነካዎት?»

«ፋኖሱ እንዳይጎረብጠው ብዬ ቀምሼ ላይለት ነው።»

«በሉ ዛሬ ከምድጃው ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ሲያገሱ ቤቱን እንዳያነዱብን!»

ጤና ጣቢያ ድረስ ጎትታ ወሰደችኝ፤ «ለክፉ አይሰጥም» ተብዬ ተመለስኩ። አሁን ይህን ስጽፍልህ ጢሜ ላምባ ላምባ ይሸታል። ሽታ መቼም ሰውን ሳያስፈቅድ ነው የሚወስደው። እኔንም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከበርበሬ ነጋዴው ቤት አጠገብ ወደነበረች አንዲት የልብስ ስፌት በረንዳ ወሰደኝ።

ጓደኛዬ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው፤ በደኅናው እግሩ የስፌት መኪናውን ሲረግጠው ግን በከተማው የሚቀድመው አልነበረም። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬም የእሱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማስነጠስ። የተሰጣው በርበሬ ፀሐይ ሲመታው ተራ በተራ እናስነጥሳለን፤ «ይማርህ» እንኳ ሳንባባል ወሬያችንን እንቀጥላለን።

ወሬያችን አንድ ነበር፤ ተራራው። በሰከላ በኩል፣ ከግሽ ዓባይ ማዶ፣ አናቱ ላይ ጥንታዊ ደብር ያለበት ተራራ አለ። በንግሡ ዋዜማ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ምእመኑ ፋኖስ ፋኖሱን ይዞ ይወጣዋል። ልብስ ሰፊው አያቱ ወጥተው ያዩትን ሲያወሩለት ነው ያደገው።

«ከላይ ሆነህ ቁልቁል ስታይ ሰማዩ ከእግርህ ሥር ይሆናል ብለውኛል። አንዴ ካየሁት ይበቃኛል» ይለኝ ነበር። ከዚህ ሌላ ምኞት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ክረምቱን ሙሉ ጉዞውን አቀድን። እሱ ያቅዳል፣ እኔ እፎክራለሁ። መንገዱን በስፌት ጠመኔ የሳለው ለሱሪ በተዘረጋ ጥቁር ጨርቅ ላይ ነው፤ ማንኩሳ ኪሱ ጋ ሆነ፣ ቡሬ ጭኑ ላይ፣ ተራራው ጉልበቱ ላይ ዋለ። የሱሪው ባለቤት፣ አንድ ኮስታራ ዳኛ፣ መጥተው ቆመው አዩና «እኔ ይህን ለብሼ ችሎት ልቀመጥ ነው ወይስ ልሳለም ልሄድ?» አሉ።

ስንቁ፣ ጋቢው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩን መለመኑ፣ ሁሉም የእሱ ድርሻ ነበር። የእኔ ድርሻ አንዲት ነበረች፤ የራሴን ፋኖስ መሙላት።

«ይህችን እንኳ ትችላታለህ?» አለኝ።

«አንተን ራስህን አዝዬ አወጣሃለሁ!» አልኩት፤ በረንዳው እስኪሰማ።

በመነሻችን ዋዜማ የት ነበርኩ? ፀጉር አስተካካዩ መስታወት ፊት ጎፈሬዬን ሳበጥር። ጎፈሬው ዛሬ የለም፤ ያኔ የሞላሁት እሱን ብቻ ነበር። ላምባውን ረሳሁት።

መኪናው ካወረደን በኋላ በእግር ሄድን፤ እሱ በምርኩዙ፣ እኔ በአፌ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የገብሱና የእርጥብ አፈሩ ሽታ እየበረታ መጣ። ከተራራው ግርጌ አንድ አዛውንት መሪጌታ ቆመው የሚወጣውን ሁሉ በዓይናቸው ይመዝናሉ።

«አንድ ነፍስ፣ አንድ ፋኖስ!» ይላሉ። «መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጎኑ ገደል ነው። በሰው ብርሃን የሚሄድ የሰው ጥላ ይረግጣል። ፋኖሱ የጠፋበት ባለበት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ሲነጋ ይነሣል።»

ፋኖሴን ለኮስኩት። ከስር የከረመችው ጭላጭ ሁለት ጊዜ አርገበገበችውና ጠፋ።

«ነፋሱ ነው» አልኩ።

ልብስ ሰፊው ፋኖሴን ተቀበለኝ። የራሱን ከፈተና ግማሹን ላምባ ገለበጠልኝ።

ግማሹ ለእኔ እግር በዛ፤ ለእሱ እግር አነሰ።

መጀመሪያ አብሬው ሄድኩ። ሰው ያልፈናል፣ ዝማሬው ከፊታችን ይርቃል፣ እግሬ ይበላኛል። «ሂድ፤ እኔን ስትጠብቅ ያልቅብሃል። ቀስ እያልኩ እደርሳለሁ» አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ እንቢ አላልኩም። አዝዬ አወጣሃለሁ ያለው ሰውዬ እኔው ነኝ።

አናቱ ላይ ደረስኩ። አያትየው አልዋሹም። ከእግሬ ሥር መብራቱ በገደሉ ዳር እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ሰማዩ የቱ እንደሆነ ግራ ይገባል። ከሁሉም ኋላ፣ ርቃ፣ አንዲት መብራት ታነክሳለች። የማን እንደሆነች ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሳያት፣ ሳያት፣ ጠፋች።

«ዛፍ ጋርዷት ነው» አልኩ ለራሴ። ያ አቀበት ዛፍ እንደሌለው በፀሐይ አይቼዋለሁ። ፋኖሴ ውስጥ ገና ላምባ ነበረ። አልወረድኩም።

ሲነጋ ድንጋይ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ አገኘሁት፤ የጠፋው ፋኖስ በሁለት እግሮቹ መካከል ቆሟል።

«እንዴት ነበር?» አለኝ፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

አወራሁለት። ያላየሁትንም ጨመርኩለት።

«የእኔን ከላይ አየሃት?»

«አየኋት።»

«ስትጠፋስ?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። የላስቲክ ጫማ ነበር፤ ክር የለውም።

«ለከርሞ አብረን እንወጣዋለን» አልኩት ጎንበስ እንዳልኩ።

ለከርሞ አልወጣነውም። እኔ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፤ እሱ የስፌት መኪናውን አስጭኖ ቡሬ ገባ። በየክረምቱ አቀድን፣ በየዓመቱ ምክንያት አገኘሁ። ምክንያት ሲታደል ከሰልፉ ፊት የምቆም ሰው ነኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለታችንም ሸበትን፤ እሱ ያን አናት እስከ ዛሬ አላየውም።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። «የመኪና መንገዱ እኔ እስከተቀመጥኩባት ድንጋይ ድረስ ገብቷል አሉ። የሚቀረው አጭር አቀበት ነው። እግሬ ዘንድሮን ይችላታል፤ ለከርሞ ግን ቃል አልገባልህም።» ሐሙስ ቡሬ ልንገናኝ ተቀጣጠርን። ላምባ ከከተማችን ስለጠፋ ከማንኩሳ በሰው አስመጣሁ። ቀጥሎ የሆነውን ታውቃለህ።

ከጤና ጣቢያ ስመለስ ደወልኩና የጠጣሁትን ነገርኩት። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ፣ የላምባው ምሬት ይሁን ሌላ፣ ያን ሁሉ ዘመን የያዝኩት አመለጠኝ።

«ስማኝማ፤ ያን ቀን ነፋስ አልነበረም።»

«እኔ ጨርቅ በእጄ እየመዘንኩ የኖርኩ ሰው ነኝ» አለኝ። «ፋኖስህን ስቀበልህ እንደ ላባ ቀለለኝ። ነፋስ ላምባ ይጠጣል እንዴ? የሚጠጣ ሰው እንኳ ያገኘሁት ገና ዛሬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ባዶ ነው ብል መሪጌታው ይመልሱህ ነበራ። ብቻዬን ልወጣ ነው?»

በስልክ ደግሞ የጫማ ክር ማሰር አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የሱቅ ልጆቹ «አባት፣ ለምን በባትሪ የሚሠራ አይገዙም?» ይሉኛል። ላምባ የለም። ፕላስቲኩን ወደ ብርሃኑ አንስቼ አየሁት፤ ከጉሮሮዬና ከወለሉ የተረፈው ግማሽ ፋኖስ ነው። ለቀረችው አቀበት ለእሱ ይበቃዋል። እኔ ጋቢዬን ይዤ ያችን ድንጋይ እቀመጥባታለሁ፤ አንዲት መብራት እያነከሰች ስትወጣ ከታች ሆኜ አያታለሁ።

ግማሽ ፋኖስ ላምባ አለብኝ ወዳጄ። እስከ ሐሙስ እንዳልጠጣው ብቻ ጸልይልኝ።