ጉና ላይ የተፈተነ በርኖስ

ደብረ ታቦር ላይ በርኖስ የሚሠራ ሞልቷል፤ እንደ ጥላዬ የሚፈትን ግን የለም። ሚስቱ ዝናሽ ጥቁር የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ እሱ ይሸምናል፣ ረግጦ ያጠብቃል፣ ይሰፋል። ከዚያ ሁለቱም በገሳይ መንገድ ወጥተው ጉና ተራራ ወገብ ላይ ይቆማሉ። ጥላዬ በርኖሱን ምንጭ ውስጥ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ እርጥቡን ይለብስና ጀርባውን ለነፋሱ ይሰጣል። ዝናሽ እጇን ከሥር ሰዳ ጀርባውን ትዳብሳለች። ደረቁንማ ማንም ይሞቀዋል! ርሶም ካሞቀ ነው በርኖስ የሚባለው።

ሳይፈትን የሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፋሲካ ለምትባለው ለገዛ ልጁ። ጉናን ተሻግራ አክስቷ ዘንድ በዓል ልትውል ቸኩላ ነበር። «ተወው አባዬ፣ መንገድ ላይ እኔው እፈትነዋለሁ» ብላ እየሳቀች ወጣች። ቀትር ላይ ጭጋግና በረዶ ወረደ። ሲያገኟት በርኖሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ቋጥኝ ተደግፋ፣ እንቅልፍ የጣላት ትመስል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዝናሽ እንዝርቷን እያሾረች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ ትላለች፦

ጉና በራስህ ላይ ነጭ ጋቢ ጥለሃል፣
የእኔን ልጅ ሲበርዳት አንተን ግን ሞቆሃል።

ጥላዬም ተራራ ለሚወጣ ሰው በርኖስ መሥራት ተወ። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዋ ሕሊና፣ ተማሪዎቿን ይዛ ጉናን የምትወጣዋ፣ ደጁን ስትጠና ምክንያቱን ሁሉ ነገራት። እሷ ግን፣ «ጋሼ፣ እኔ መውጣቴ አይቀርም፤ ጃኬቴ ደግሞ ብርዱን አልቻለውም» አለችው። ይህን ሰምቶ እምቢ ማለት አቃተው።

በርኖሱ አልቆ ጉና ወገብ ላይ ቆሙ። ዝናሽ እጇን ሰደደች።

«እሰይ! ሊጥ ቢያስገቡበት ዳቦ ሆኖ ይወጣል።»

«ይበርደኛል» አለ ጥላዬ።

ተርትሮ እንደ አዲስ ሠራው። እንደገና ወጡ። ነፋሱ ከጓሳው ሣር ላይ እያፏጨ ይመጣል።

«ይበርደኛል።»

«ጀርባህን እኮ አልቦሃል፣ አንተ ሰውዬ! ምኑ ነው የሚበርድህ?»

«ዝናሽ፣ ልጃችን ማጅራቴ ላይ ትተነፍሳለች። እንደዚያን ቀን እጇ በረዶ ሆኖ፣ ከኋላዬ ቆማ ትተነፍሳለች። ይኼን በርኖስ ለሰው ልጅ አልሰጥም።»

ዝናሽ ዘወር ብላ አላየችም። ማየት ፈርታ ነው። እርጥቡን በርኖስ ከትከሻው ገፈፈችና ራሷ ለበሰችው።

«ና፣ ዛሬ አንተ ዳብስ።»

እጁን ከሥር ሰደደ። የሚስቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ድንጋይ ይሞቅ ነበር። እጁን ሳያወጣ ቆሞ አለቀሰ።

«ስጣት» አለችው። «አንተ ብትከለክላት ያችው ልጅ በስስ ጃኬት ነው የምትወጣው። ሁለተኛ ልቀብር ነው?»

እሁድ፣ ሕሊና በርኖሱን ለብሳ ከተማሪዎቿ ፊት ፊት ወደ ጭጋጉ ስትገባ ባልና ሚስቱ ዳገቱ ሥር ቆመው ያያሉ። ከኋላ ሲያዩት ትከሻው፣ አረማመዱ ያው የልጃቸው ነው። ጥላዬ ከንፈሩን ነከሰ። ዝናሽ ግን አልቻለችም።

«ፋሲካ!»

ሕሊና ቆመች። የማን ስም እንደሆነ ታውቃለች። ቀስ ብላ ዞረች።

«አቤት፣ እማዬ!»

«ሞቆሻል ወይ?» ሲል ጮኸ ጥላዬ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

«ሞቆኛል፣ አባዬ!» አለችና ጭጋጉ ዋጣት።