የዓሣ አጥማጁ ሣጥን

ማዕዶት ከሆስፒታል ፈረቃዋ ወጥታ በምትኖርበት የባዕድ አገር ከተማ ሄልስፊር በሚባል ፌርማታ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ከእናቷ ጋር በስልክ በአማርኛ ማውራቷን የሰሙ አንድ ሽማግሌ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። ጃኬታቸው በበጋም እስከ አገጫቸው ተቆልፏል። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሣጥን ሲከፍቱት፣ ዓሣ ማታለያ የሆኑ የፕላስቲክ ዓሣዎች እያንዳንዳቸው በአሮጌ ካልሲ ቁራጭ ተጠቅልለው ተደርድረዋል።

«ልጄ፣ እጄ ይንቀጠቀጥብኛል። ይህቺን ታስሪልኛለሽ?»

«እሺ አባባ፣ ያሳዩኝ።»

«ክሩን በቀለበቷ አሾልኪና አምስት ጊዜ ጠምዝዢው። ከማጥበቅሽ በፊት በምራቅ አርጥቢው፤ ደረቁን ከሳብሽው ይደክማል።» ቋጠሮውን ጎተት አድርገው ፈተሹት። «ለዚህ አገር ዓሣ ይበቃል። የጫሞ ሐይቁ ግዙፍ ነጭ ዓሣ ቢሆን እንደ ሸረሪት ድር ይበጥሰው ነበር።»

ማዕዶት ከሣጥኑ ጥግ ክሯ ያረጀ አንዲት የእንጨት ዓሣ አይታ እሷንም ልታድስላቸው እጇን ሰደደች።

«እሷን ተያት» አሉ በቀስታ። «ክሯን ያሰረላት ወንድሜ ነው፣ አርባ ምንጭ ሳለን።»

«ዓሣ ትይዛለች?»

«ትይዝ ነበር። አሁን ግን ውኃ ውስጥ አልሰዳትም። ክሩ ቢበጠስስ?»