ሶሉ ላይ የተተኮሰው ስም

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ይለዋል፤ እግርህን ሳይለካ በዓይኑ ብቻ ቁጥርህን ስለሚነግርህ። ሃያ ሁለት ዓመት ጫማ ሠርቷል። ሠርቶ ሲያበቃም በእያንዳንዱ ሶል ላይ፣ በጋለ ብረት፣ ከራሱ የፈጠረውን የውጭ አገር ስም ይተኩሳል። አመሉ ሆኖ አይደለም። የአገር ውስጥ ነው ካልከው ገዢ የሚባለው ፍጥረት እጁን እንዳቃጠለው ጥሎት ይሄዳል።

እናቴ «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ስትለው፣ «በባዶ ሆድስ ይደመቃል እንዴ እህቴ?» ይላት ነበር።

ዘንድሮ ገበያው ሞቶ አምስቱን ሠራተኞቹን ሊበትን ሲል ጨረታ ወጣ፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥበቃዎች የሚሆን ቡት ጫማ። መመሪያው ለአገር ውስጥ ምርት ልዩ አስተያየት ይሰጣል፤ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም ቅድሚያው የእሱ ነው። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ። አጎቴ ናሙናውን ሦስት ቀን ሙሉ ሰፋ። እንዲያ ተጠንቅቆ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

ናሙናው ሲከፈት የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጫማውን ገለበጠችው።

«ይሄ ከውጭ የገባ ነው» አለች።

ወይ ነዶ! እጁ እንደ ልማዱ ያንን የውጭ ስም ሶሉ ላይ ተኩሶበታል። እኔም ሳሽገው አልገለበጥኩትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ አጎቴ። «ቆዳዬንና መስፊያዬን ላምጣና እዚሁ ፊታችሁ ልስፋ።»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ማስቲሽ የጠገበውን ጥፍሩን አየችው።

«እኔስ አምንዎታለሁ አባቴ። ግን የምፈርመው በማምነው ላይ ሳይሆን በናሙናው ላይ ነው።»

የገዛ ዳቦዬን ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄ ነው። ልዩ አስተያየቱ ቀረ፤ ጨረታው ለሌላ ሄደ። በሳምንቱ አጎቴ ሦስት ሠራተኞች አሰናበተ። ሲጨብጡት ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ከዚያ ወዲህ ያንን ብረት አላጋለውም።

ባለፈው ሰኞ አንድ ሰው ሱቁ ገብቶ ቡናማ ጫማ ለካ። ወዲያ ወዲህ ተራመደበት፤ ፊቱ በራ። «እሱን ጠቅልልልኝ» ብሎ አወለቀና ገለበጠው። ሶሉ ላይ ምንም የለም።

«የአገር ውስጥ ነው እንዴ?»

አጎቴ መስፊያውን አስቀመጠ።

«አዎ» አለው። «የእኔ ነው።»

ሰውየው ጫማውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ። አጎቴ አልጠራውም። ጫማውን በጨርቅ ወለወለና ወደ መደርደሪያው መለሰው።