ሁሉም የፈለገው ልጅ

የልጄ የፍሬሕይወት ሥራ ሰው መፈለግ ነው። የጠፋ ሰው ማለቴ አይደለም፤ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ነው የምትፈልገው። ለኩባንያዎች አፈላልጋ፣ ፈትና፣ አግባብታ ታስቀጥራለች። ሐዋሳ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከወገቧ በላይ ሱፍ፣ ከወገቧ በታች ፒጃማ ለብሳ ላፕቶፗን ትከፍትና አንዱን ወጣት ከሌላው እያስከተለች ታናግራለች። እኔ ከጓዳው በር አጠገብ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ እሰማለሁ። «ይሄን ልጅ ሌሎችም ይፈልጉታል፤ ቶሎ ካልያዝነው ያመልጠናል» ስትል ደስ አይለኝም። ለምን እንደሆነ ነግሬያት አላውቅም።

ሰሞኑን አንድ የያቤሎ ልጅ ቀረበላት። ፊቱን አላየሁትም፤ ድምፁን ስሰማ ግን ምስር መልቀሜን አቆምኩ። «ሰላም ናችሁ? ቤተሰብ ሰላም ነው? ሥራው ሰላም ነው? እናንተ ጋ ዝናብ ጣለ?» እያለ ጀመረ። ልጄ «ደህና፣ ደህና፣ ወደ ጥያቄው እንግባ» ብላ አቋረጠችው። ጨርሶ ከወጣ በኋላ አብሯት የሚፈትነው የሥራ ባልደረባዋ «እውቀቱስ ጥሩ ነበር፣ ግን ወሬ ያበዛል፤ ይለፈን» አላት። እሷም እሺ አለች። ምስሩን አስቀምጬ ወደ ግቢው ወጣሁ።

ያደግኩት ነገሌ ቦረና፣ ወታደር ሰፈር ውስጥ ነው። አባቴ ሃምሳ አለቃ ታፈረ የጎጃም ሰው ነበር፤ የመገናኛ ክፍል የሬዲዮ ሰው። የሶማሊያው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ድንበሩ ግን ገና አልበረደም። ቆርቆሮ ቤታችን ቀን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ቀዩ አቧራ በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። ጎረቤቶቻችን አንዷ ወሎዬ፣ አንዷ ከምባታ፣ አንዷ የሐረር ልጅ ነበሩ፤ የማን ወጥ እንዳረረ ከሽታው እንለያለን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ ተቀጠርኩ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ «ሞያሌ፣ ሞያሌ፣ ይሰማል?» ስል መዋል ነበር እንጀራዬ። በዚያ ዕድሜዬ ደግሞ ያለእኔ አገር የማይነጋገር ይመስለኝ ነበር።

ጃታኒ የሚባል የአሬሮ ልጅ፣ ቦረና፣ ነበረ። ለትምህርት ነገሌ መጥቶ ሐጂ ኢብሮ ቤት አረፈ። ሐጂ ከሞያሌ የሚመጣ ጨርቅ፣ ባትሪና ሬዲዮ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ በሱቃቸው ጥግ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታና እየገጠመ ጥገና ለመደ። ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ይችላል፤ ከሞያሌ ሾፌሮች የለቀመው ስዋሂሊም ነበረው። ከሁሉ የሚገርመው ግን ጆሮው ነው። እኛ ሿሿታ ብቻ በምንሰማበት እሱ የሰው ድምፅ ይሰማል። «ይኸው፣ ሴትዮዋ እየዘፈነች ነው» ይለናል፤ ቆይተን ስንሰማ እውነትም ሴት ትዘፍናለች።

አባቴ ሬዲዮውን ሊያሠራ ሄዶ በዚያው ወዳጅ ሆኑ። ጃታኒ ኦሮምኛ ሊያስተምረው ይሞክር ነበር፤ የአባቴ ምላስ ግን ከጎጃም አልወጣ አለ። «ጋሼ ታፈረ፣ ናጋ ሲሉ እንደ ትእዛዝ አይጩኹብኝ እንጂ። ቀስ ብለው» ይለዋል ጃታኒ። እኔ ከት ብዬ እስቃለሁ። የቦረና ሰላምታ እንደኛ ደህና ነህ ደህና ነኝ ተብሎ አያልቅም። ሰውዬው ናጋ ነው? ከብቱ ናጋ ነው? ልጆቹስ? ውሃውስ? ዝናቡስ? እየተባለ ይኬዳል፤ ለሁሉም የሚመለሰው ናጋ፣ ሰላም፣ ነው።

«ቤቱ ተቃጥሎ ቢሆንስ?» አለው አባቴ አንድ ቀን።

«ያኔም ናጋ ነው የሚባለው። ክፉ ወሬ ሰላምታ ሳያልቅ አይነገርም። መጀመሪያ ናጋ፣ ከዚያ ቁጭ ተብሎ ወሬው ይወጣል።»

«ዝም ያለ እንደሆነስ?»

ጃታኒ ሳቁን አቆመ። «ሰላምታ ሰምቶ ዝም የሚል ለጠብ የመጣ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

በዚያ ዘመን በቆላው ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚላከው ኦፕሬተር ወይ ወባ ይጥለዋል፣ ወይ ዝውውር ጠይቆ ይሾልካል፤ ቢቆይም ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ የጃታኒ ስም በየመሥሪያ ቤቱ ዞረ። ቀጣሪዎቹ መቅጠር እንፈልጋለን ብለው አይመጡም፤ የተበላሸ ሬዲዮ ይዘው ሊያሠሩ የመጡ መስለው ሱቁ ደጃፍ ይቆማሉ። ልጁ ሲፈታታ ቆመው ያዩታል፣ ሬዲዮው ሲናገር ይተያያሉ። ከዚያ ሐጂ ያስቀምጧቸዋል። ጭስ ጭስ በሚል ወተት የተፈላ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ ይቀዳል። ያንን ሻይ ሳይጠጣ ጉዳዩን የጀመረ ቀጣሪ ከሐጂ ዘንድ «እናስብበታለን» ከሚል መልስ በቀር አያገኝም ነበር። እኔም ለምሳ ስወጣ በዚያ አልፋለሁ። መንገዴ ሆኖ አይደለም።

የአንድ እርዳታ ድርጅት ሰው በደመወዙ ላይ ዱቄትና ዘይት ጨምሮ ሊቀጥረው ጠየቀ። ሻኪሶ አካባቢ ካለ የወርቅ ፍለጋ ጣቢያ የመጡት መሐንዲስ ደግሞ ሻዩን ደግመው ጠጡ፣ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ጠየቁ፤ መኖሪያ ቤት እንሰጥሃለን፣ እናትህንም ማምጣት ትችላለህ አሉት። ጃታኒ ለእሳቸው ቃሉን ሰጠ። ያን ዓመት ጋና የሚሉት ዋናው ዝናብ ቀርቶ እናቱ ላሞቿ አንድ በአንድ እያለቁባት ነበር።

«ሻኪሶ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው አሉ» አለኝ፤ «ቡና በየጓሮው። አዮን እዚያ ወስጄ ዝናብ ላሳያት እፈልጋለሁ።» አዮ የሚላት እናቱን ነው። ቀና ብሎ አየኝና «ስልክ ቤትስ አለ እዚያ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አለ» አልኩት።

«እንግዲያው ጥሩ ነው» አለ፤ የያዘውን ሬዲዮ ጀርባውን ገልብጦ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። ከዚህ በላይ አልተባባልንም። እወደው ነበር፣ እሱም ይወደኝ ነበር።

ሊሄድ ጓዙን ሲያሰናዳ የአባቴ አለቃ የነበረው ሻምበል መጣ። የተበላሸ ሬዲዮ አልያዘም። ሻይ ሲቀዳለት አልተቀመጠም። ከኋላው አባቴ መሬት መሬት እያየ ቆሟል፤ ቤቱን አሳይ ተብሎ ታዞ ነው የመጣው።

«ከነገ ጀምሮ የእኛ ነህ» አለው ሻምበሉ።

ሐጂ ተነሱ። «ሻምበል፣ ልጁ ለሻኪሶዎች ቃል ሰጥቷል። ይቀመጡና እንነጋገር።»

«ከእናት አገር የሚበልጥ ቀጣሪ አለ እንዴ ሐጂ?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ለሚል ሰው እምቢ አይባልም። ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ፤ ሐጂ ራሳቸው ደጅ ወስደው ደፉት።

ሥራው መስማት ብቻ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ከአንድ ክፍል ተቀምጦ ከድንበሩ ወዲያ የሚመጣውን ድምፅ ያዳምጣል፣ የሰርጎ ገቦቹን ንግግር ይተረጉማል። መናገሪያውን መንካት ክልክል ነው፤ የሚሰማ ሰው መኖሩ ከታወቀ ሁሉም ሞገድ ይቀይራል። እሑድ እሑድ ቤታችን ይመጣል። እናቴ ያቀረበችለትን ሥጋ ወጥ በጣቱ እየነካካ ይተወዋል። ያ ተጫዋች ልጅ ከስቶ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ሽማግሌ አለ» አለው ለአባቴ። «ከኬንያ በኩል ካለ ጣቢያ ይመስለኛል፣ የእኛው ቦረና ነው። ጠዋት ጠዋት ‹ናጋ? ማን አለ? ናጋ?› ይላል። ማንም አይመልስለትም።»

«አንተም እንዳትመልስ። ሰማኸኝ?»

«እሺ ጋሼ።» አንገቱን ደፋ። «ግን ሁልጊዜ ዝም ስለው ለጠብ የመጣሁ ሰው እየመሰልኩ ነው።»

አባቴ ወጡን ወደሱ ገፋ አደረገለት።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። ሰማዩ ደመና አርግዞ ያድርና ሲነጋ ባዶውን ይሆናል፤ በመንገዱ ዳር የከብት ሬሳ ይታያል። ያን ጠዋት ሽማግሌው እንደ ልማዱ ተጣራ። ናጋ? ከብቱ ናጋ ነው? እናንተ ጋስ ዝናብ ጣለ? ጃታኒ መናገሪያውን ተጫነና በሕዝቡ ደንብ መለሰ። «ናጋ፣ አባ። ናጋ። ዝናብ የለም።» መጀመሪያ ሰላምታው፣ ከዚያ ወሬው። አጠገቡ የተቀመጠው ወታደር ሮጦ ለሻምበሉ ተናገረ። ምሳ ሳይደርስ እጁን የፊጥኝ አሥረው ወሰዱት።

አባቴ ቤት ገብቶ ቀበቶውን ሳይፈታ አልጋው ጫፍ ተቀመጠ። «መለሰለት» አለ። ሻምበሉ ጉዳዩን ለጠላት ምሥጢር ማቀበል አለው። ዝናብ ያልከው ምንድን ነው ብለው ሲደበድቡት «ዝናብ ነው፣ ሰማይ ላይ ያለው» ይላቸዋል አሉ። አባቴ ስለ ልጁ ሊመሰክር ገብቶ ውጣ ተባለ። ወደ በላይ አካል ተልኳል የሚል ወሬ ተነገረ፤ የወሰደው መኪና ሾፌር ግን ለአባቴ እውነቱን ሹክ አለው። መኪናዋ ከደረቁ ወንዝ አላለፈችም። ልጁን እዚያው ረሽነው ተመለሱ።

በማግስቱ ማዞሪያዬ ላይ የሻኪሶ መስመር ጠራ። መሐንዲሱ ናቸው። «እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ያ የሬዲዮ ልጅ እስካሁን አልመጣም እኮ። ቤቱን አዘጋጅተን እየጠበቅነው ነው» አሉኝ። ስልኩን ሰው እንደሚሰማው አውቃለሁ። «ሌላ ቦታ ተቀጥሯል» አልኳቸው። «ወይኔ፣ ቀደሙን!» አሉ እያዘኑ። ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሞያሌም፣ አሬሮም ቢጠሩ አልመለስኩም።

እናቱ ከአሬሮ በከብት ጭነት መኪና መጣች። ረጅም፣ ጥቁር ቀሚሷ አቧራ የለበሰ ሴት ነበረች። ልጄ እዚህ ነው የሚሠራው ብላ ሰፈሩ በር ላይ ቆመች። ማንም እንዳያናግራት ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ወታደር ሲገባና ሲወጣ «ናጋ?» ትላለች። ዝም። ሌላው ሲመጣ «ናጋ?» ትላለች። ዝም። ከየአገሩ የመጡ የሰው ልጆች፣ እናት ያላቸው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ያልፏታል። ሐጂ ሊወስዷት ሞከሩ፤ ልጄን ሳላይ አልሄድም አለች። ጠዋት ጠዋት እዚያው ቦታ ትቆማለች።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አባቴ ከበሩ ሲወጣ አየሁት። ሻምበሉ ከግቢው ውስጥ ቆሞ ያያል።

«ናጋ?» አለችው።

አባቴ ቆመ። ቆቡን አወለቀ። «ናጋ፣ አዮ» አላት፣ በዚያ በጎጃም ምላሱ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደተማረው።

ሴትዮዋ ፊቷ በራ። ስንት ቀን የታፈነ ሰላምታ ከአፏ ተዘረገፈ። ቤቱ ናጋ ነው? ናጋ። ሚስትህ ናጋ ናት? ናጋ። ዝናቡ ናጋ ነው? ናጋ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጁስ? ልጁ ናጋ ነው?»

አባቴ ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ክፉ ወሬ ሰላምታ ሳያልቅ አይነገርም። «ናጋ» አላት። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። «ልጁ ናጋ።»

አየችው። ሰላምታው አለቀ፤ የቀረው ቁጭ ተብሎ የሚወጣው ወሬ ነበር። እሷም እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። አባቴም አጠገቧ ተቀመጠ።

ወር ሳይሞላ አባቴን ወደ ሰሜን ግንባር ላኩት። ሲሰናበተን «ደግ አደረግሁ አስቱ፤ አትዘኑብኝ» አለኝ። ከዚያ አልተመለሰም። እናቴ እኛን ይዛ ወደዚህ ወደ ሐዋሳ መጣች።

ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ ሰው ሲታጨና ሲቀጠር እየሰማሁ እውላለሁ። ልጄ ተፈላጊ መሆን ትልቅ ዕድል ነው ትለኛለች። ለአንዳንዱ ይሆናል። ጃታኒን ሁሉም ፈለገው፤ እምቢ የማይባለው ፈላጊ ወሰደው። ያ የያቤሎ ልጅ ግን ይለፈን ተብሎ ዛሬ እቤቱ እራቱን ይበላል። ሥራውን ባያገኝ አዘንኩለት፣ በልቤ ደግሞ እሰይ አልኩ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከግቢው ስመለስ ሳሎኑ ባዶ ነበር፣ የላፕቶፑም መስታወት ጠቁሯል። ፊቱ ቆሜ «ናጋ፣ ልጄ» አልኩ። «ቤተሰቡም ናጋ፣ ሥራውም ናጋ፣ ዝናቡም ናጋ።»

ፍሬሕይወት ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። «እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ነይ ቁጭ በይ» አልኳት። «ወሬ አለኝ።»