የደጅ አፈር

አስናቀች እህል በረንዳ ተቀምጣ ሠላሳ ስምንት ዓመት እህል ስታበጥር ኖራ መርካቶን እስከ መጨረሻው የተጠየፈችው ባለፈው ሐምሌ ነው። ከሲኒማ ራስ ወረድ ብላ ባለችው ክፍሏ የቱቦው ውሃ ለሦስተኛ ጊዜ ገባ። የበሰበሰ ጎመን፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሽንት፣ ሆዱ የተነፋ አይጥ፣ ሁሉም አልጋዋ ሥር ተንሳፍፎ አደረ። ጠዋት አይጡን በአካፋ ይዛ ስትወጣ አንዱ ተሸካሚ፣ «እማማ፣ ቁርስ ነው?» ብሏት አለፈ። የዚያኑ ቀን ለወንድሟ ደወለች።

ወንድሟ ኃይለመለኮት በተወለዱባት በወይራ አምባ ነው የሚኖረው። አንድ አስፋልት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚቆም ገበያ፤ በቃ፣ ከተማይቱ ይችው ናት። በደወለ ቁጥር፣ «እታለም፣ ንጹሕ አየር እያለ፣ እናታችን አጠገብ የምታርፊበት አገር እያለሽ፣ እዚያ ግማት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ይላታል። እሷም ስድሳ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ልጅ የላትም፣ ባሏም ከሞተ ቆየ። አሁን የምትፈልገው ንጹሕ ቦታ ላይ መሞት ብቻ ነበር።

የክፍሏን ቁልፍ ለሰኪና ሰጠች። ሰኪና የስልጤ ሴት ናት፤ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው አበጥረዋል።

«ቁልፉ እኔ ጋ ይቆይልሽ» አለች ሰኪና። «እዚያ አትበረክቺም።»

«ለምን አልበረክትም?»

«ሰው የለማ። ሁሉም ዘመድ ነው።»

የወይራ አምባ አየር እንደተባለውም ንጹሕ ነበር። የመጀመሪያው ወር ላይ አስናቀች እንደ ሕፃን ተኛች። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር እንስራ የሚሞሉበት ምንጭ ዛሬም ይፈሳል፤ ጎንበስ ብላ በእፍኟ ስትጠጣ የእናቷ እጅ ትከሻዋን የያዛት መስሏት ቀና ብላ አየች። መንገድ ላይ የሚገፋት የለም። ሁሉም ቆሞ ሰላም ይላታል።

ክፋቱ ግን መቆሙ ነው። እግዜር ይመስገን ካለች በኋላ ነው ጥያቄው የሚጀምረው። ባልሽን ምን ገደለው? ልጅ ያልወለድሽው በማን ምክንያት ነው? ይሄን ሁሉ ዘመን መርካቶ ኖረሽ ባዶ እጅሽን መጣሽ? አንድ ቀን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝታ ቤት ሳትደርስ፣ የወንድሟ ልጅ ኢየሩስ ደጅ ላይ ቆማ፣ «አክስቴ፣ አጥንት በዝቶበታል አሉ» አለቻት። ሥጋው ገና አልተፈታም። አስናቀች ያን ቀን ምግቡ አልወረደላትም፤ ጉርሻዋን እንኳ ሰው ቀድሞ ያላመጠው መሰላት።

እንዲህ እያለች አንድ ማክሰኞ ያለምወርቅ የምትባለው እህል ነጋዴ ደጅ ላይ ስንዴ የጫነ አይሱዙ ሲያራግፍ አየች። ከጆንያው የፈሰሰው ስንዴ መሬት ላይ ቀረ። እህል በረንዳ የወደቀ እህል የነጋዴ አይደለም፣ የሴቶቹ ነው። ማንም አይከለክል፣ ማንም አያስፈቅድ። የአስናቀች እጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላት አደረ። በነጋታው ማልዳ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ስንዴውን ከነአፈሩ ጠራርጋ በነጠላዋ ቋጥራ ተመለሰች።

ረፋድ ላይ ኃይለመለኮት ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

«እታለም፣ የያለምወርቅን የደጅ አፈር ምን ልታደርጊበት ነው?»

«የምን አፈር? ስንዴ ነው።»

«ሳይነጋ የሰው ደጅ አፈር ቋጥሮ የሚሄድ ለምን እንደሚሄድ አገር ያውቃል። ገበያዋን በመተት ልታሳስርባት ነው ተብሏል።»

አስናቀች ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እሑድ ለኢየሩስ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር፤ ከመተተኛ ቤት ልጅ አንጠይቅም ብለው ልከዋል። ኢየሩስ ጓዳ ሆና ታለቅሳለች።

አስናቀች ቋጠሮውን፣ ወንፊትና ሰፌዷን ይዛ ወጣች። ያለምወርቅ ደጅ ስትደርስ የመንደሩ ሰው ጥሪ እንደሰማ ቆሟል። ተቀመጠችና መንፋት ጀመረች። አፈሩ ከነበረበት ደጅ ላይ ፈሰሰ። ስንዴውን ሰፌድ ላይ አድርጋ አንገዋለለች፤ ጠጠሩን ለቀመች።

«ይኸው አፈርሽ፣ ይኸው ጠጠርሽ። ይሄ ስንዴ ነው። እኛ ጋ ይሄን የምታነሳ ሴት ሠራተኛ ናት የምትባለው።»

ያለምወርቅ አፈሩን ጎንበስ ብላ አየችው። «ጎድሏል።»

«ሰፍረሽው ነበር?»

አንዷ ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኃይለመለኮት ወደ እህቱ ጆሮ ጠጋ አለ። «ይቅርታ ጠይቂያትና ይለፍ። ለልጅቷ ስትይ።»

አስናቀች ዙሪያውን አየች። በየቤታቸው የበላችላቸው፣ ልጆቻቸውን የሳመችላቸው ሰዎች ናቸው። አንድም አፍ አውጥቶ የሚከራከርላት የለም። አልጋዋ ሥር ያደረው አይጥ እንኳ እንዲህ አላስጠየፋትም። ስለ ኢየሩስ ብላ፣ ዓይኗን ወንፊቷ ላይ ተክላ፣ «ይቅር በይኝ» አለች። አፏ እሬት እሬት አላት።

ያለምወርቅ ይቅር አለቻትና ስንዴውን ወሰደች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አስናቀች ግን ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዳ ነበር።

መርካቶ ስትደርስ ግማቱ ገና ከሩቅ ተቀበላት። አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ጆንያ የተሸከመ አንዱ፣ «መንገድ! መንገድ!» እያለ በትከሻው ገፍቷት አለፈ። ዞሮም አላያት።

ሰኪና ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ማዳበሪያዋን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት።

«አስኑ፣ ዘመድ አለቀ?»

«አለቀ። ክፍሌስ?»

«ውሃው ወጥቷል። ሽታው አልወጣም።» ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻት። «ያን ሁሉ ስትይለት የነበረው ቀብርሽስ?»

«አንድ ቀን ጠዋት ቦታዬ ባዶ ከሆነ ታዪ የለ? ለወንድሜ ደውይለት። እናቴ አጠገብ ይውሰደኝ።»

«እዚያው?»

«እዚያው። ያኔ ቢጠይቁኝም አልሰማም።»

አንድ መኪና እያጓራ መጥቶ ከፊታቸው ቆመና ተሸካሚዎቹ ሸራውን መፍታት ጀመሩ። አስናቀች ቱቦው ላይ እንትፍ አለችና መጥረጊያዋን አነሳች።