ብሎንና የባሏ መንጠቆ

ብሎን ይሏታል። ስሙ የወጣላት ጥርሷ መሀል ሁልጊዜ አንድ ብሎን ነክሳ ስለምትሠራ ነው። ሥራዋ የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ሲሆን፣ ባሏ ደግሞ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰውዬው መሪ ከለቀቀ ወዲህ መንጠቆ ጨብጦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መናፈሻው ውስጥ ካለው ኩሬ ዳር ይውላል። ጣት የምታህል ዓሣ ይይዝና፣ ወሬው ቤት እስኪደርስ ክንድ ታህላለች። ብሎን ለዓመታት «እሰይ የኔ ጀግና!» እያለች ሰምታዋለች። በሆዷ ግን «ቆይ ብቻ» ትል ነበር።

ቀን ወጣላት። አንዲት ደንበኛዋ ቤት ስትለቅ፣ ልትጥለው የነበረ በሬዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ሰጠቻት። ሞተሩ ይዞራል፤ ጅራቱ ላይ ያሉት ክንፎች ግን ንቅንቅ አይሉም። ብሎን ከፍታ አየችው። ክንፎቹን የምታዘው ሚጢጢ ሞተር ክንዷን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች፤ ክንዷን ከክንፎቹ የሚያገናኘው ሽቦ ግን ዝጎ ተበጥሷል።

«ይሄማ የስፌት መኪና ነው፤ መርፌው ብቻ ነው የቀረው» አለች።

እንዳፏ አልቀለለም። የግራና የቀኝ ክንፎች እኩል ካልተነሡ መርከቡ ይንጋደዳል፤ መሀላቸው ደግሞ መርከቡን የሚገፋው የውልብልቢት ዘንግ ያልፋል። ስለዚህ ሽቦውን ዘንጉን እንዲዞረው እንደ ፈረስ ኮቴ ቆልምማ ሁለቱን አንድ ላይ አሰረቻቸው። ሽቦው ከመርከቡ ሆድ በሚወጣበት ቀዳዳ ውሃ እንዳይገባ ጠባብ የጎማ ቱቦ አለበሰችው። ለመፍታት እንዲመቻት ብላም መጋጠሚያውን በሁለት የቦርሳ መዝጊያ ማግኔቶች አያያዘችው።

የተሞከረው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው። «ውረድ» ስትለው ወጣ፣ «ውጣ» ስትለው ወረደ።

«አንተም እንደ ባሌ ነህ እንዴ?» አለችው።

ባሏ በሩን አንኳኳ። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከሳሙናው ጋር!»

«ከገባሽ እኮ ቆየሽ!»

«የዕድሜ ልክ እድፍ ነው፤ አታጣድፈኝ!»

ሽቦውን ነቅላ በሞተሯ ክንድ ሌላኛው ጫፍ ላይ ስትሰካው ነገሩ ተቃና።

ቅዳሜ ባሏ ከወዳጁ ከፀጉር አስተካካዩ ጎን ተቀምጦ ውሃው ላይ በሚንሳፈፈው ቡሽ ላይ አፍጥጧል። ብሎን ከኩሬው ጥግ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ፣ መቆጣጠሪያውን በሻርፗ ሸፍና ተቀመጠች። መርከቡን አጠለቀችና የባሏን ክር በአፍንጫው ገፋ አደረገችው። ቡሹ ስምጥ አለ። ባሏ ብድግ! ክሩን ቢስብ ባዶ። ደግማ ገፋች፤ ደግሞ ብድግ አለ።

«እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

ብሎን ሳቋን ለማፈን ሻርፗን ነከሰች። እዚያ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። ጥጋብ ክፉ ነውና መርከቡን እንደገና ስትልከው መንጠቆው ክንፉን ያዘው። ሰውዬው ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጎትት ማግኔቶቹ ተላቀቁ። ክንፎቹ ትእዛዝ አልሰማ አሉ፤ መርከቡም አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ጭቃው ይወርድ ጀመር።

«ያዝኩት! ኧረ ያዝኩት! ጉድ ነው!»

መናፈሻው ግልብጥ ብሎ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ የወዳጁን ወገብ አቅፎ ይስባል። ሲጎትቱ ሲጎትቱ መርከቡ ውልብልቢቱ እየተሽከረከረ በጅራቱ ተንጠልጥሎ ወጣ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ ነበር የምሰማው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ባሏ ግን አልሳቀም። መርከቡን አገላብጦ አየው፤ የተቆለመመውን ሽቦ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። እንዲህ አድርጎ ሽቦ የሚቆለምም እጅ የማን እንደሆነ አላጣውም። ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ነፋስ በሌለበት አንድ ቁጥቋጦ ይንቀጠቀጣል።

ሄዶ አጠገቧ ዘፍ አለ። የብሎን ሳቅ ጠፋ። አሁን «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» ሊለኝ ነው ብላ አንገቷን ደፋች።

«አንቺ ሴትዮ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ነገር ለምንድን ነው የተላቀቀው?»

«ማግኔት ነው ያደረግሁበት። ጠንከር አድርገው ከሳቡት ይለቃል።»

«ማግኔት? የአውቶቡስ መሪ በማግኔት ተያይዞ አይተሽ ታውቂያለሽ? አጥብቀሽ እሰሪው እንጂ!»

ከዚያ ወደ ኩሬው ገልመጥ አለ። ፀጉር አስተካካዩ የዘንዶውን አወጣጥ ለመጣ ለሄደው እያስመሰለ ያሳያል።

«በሚመጣው ቅዳሜ» አለ ባሏ፣ «የሱን ቡሽ ነው የምትገፊው።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ሲነሣና ሲቀመጥ ዋለ። ባሏም በየመሀሉ «ሽንቴ መጣ» እያለ ወደ ቁጥቋጦው ይሮጣል፤ እዚያ ሲደርስ «ተራዬ ነው፣ አምጪ!» ብሎ መቆጣጠሪያውን ከሚስቱ ይነጥቃል። ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ቡሽ ጉድ ትቶ በወዳጁ ተጨነቀ።

«ወንድሜ» አለው አዝኖ፣ «ዓሣውን ተወውና ፊኛህን ሐኪም አሳየው።»